«ይቅር ብለናል» ብለን ከመፈረማችን በፊት



በማሻ፣ በመካነ ሰላምና በዙሪያው ባለው ደጋ የጭነት መኪና ብዙ ጊዜ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። ወንድማማቾች ይጋሩታል፤ አጎት ከእህቱ ልጆች ጋር ያዋጣበታል፤ ሚስት ወርቋን ሸጣ ትገባበታለች። መኪና ሲጋጭ ታዲያ የሚጎዳው ብዙ ቤት ነው። የተጋጩትም ሰዎች ብዙውን ጊዜ አንድ ገበያ የሚውሉ፣ አንድ ለቅሶ የሚቀመጡ ስለሆኑ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት ሽማግሌ ይገባበታል። ይህ ወሎ የሚታወቅበት ወግ ነው። አበጋር የምንላቸው አስታራቂ አባቶች የመኪና ግጭት ቀርቶ ደም የፈሰሰበትን ነገር ሲያበርዱ ኖረዋል።

ዛሬ የምንጽፈው በዚህ ዕርቅ መጨረሻ ላይ ስለሚፈረም ወረቀት ነው። «ይቅር ተባብለናል፤ ከእንግዲህ አንዳችን በሌላችን ላይ ምንም ዓይነት የካሳ ጥያቄ አናነሳም» ይላል። ሲያዩት ምንም ክፋት የለበትም። መኪናው ሙሉ ኢንሹራንስ ካለው ግን ይህች አንዲት መስመር ባለቤቱን ካሳ ልታሳጣው፣ ታራቂዎቹንም ከወራት በኋላ መልሳ ልታጣላቸው ትችላለች። ምክንያቱ የሕጉ አማርኛ «መዳረግ» በሚለው ነገር ውስጥ ነው። ቃሉን ሹፌሩም፣ ባለ መኪናውም፣ ሽማግሌውም ቢያውቀው ይጠቅማል ብለን ስላመንን የደረሰብንን እየጠቀስን እናስረዳለን።

▪ የእኛ ጉዳይ

እኛ አራት ዘመዳሞች ነን፤ አንድ ኤፍ ኤስ አር አለችን። ከኮምቦልቻ ማዳበሪያ፣ ሲሚንቶና ዘይት በደሴ፣ በአቀስታ አድርጋ ወደ መካነ ሰላም ታወጣለች፤ ስንመለስ ስንዴና ባቄላ ትጭናለች። በአንድ የክረምት ጠዋት፣ የለጋምቦ ደጋ ጉም መንገዱን በሸፈነበት ሰዓት፣ ከፊት የመጣ የጭነት መኪና መስመሩን ስቶ የእኛን ጋቢና መታው። አልሐምዱሊላህ፣ ሰው አልሞተም። ሹፌራችን እጁ ላይ ተጎድቶ ዳነ። የትራፊክ ፖሊስ መጥቶ ፕላን አነሳ፤ ጥፋቱ የዚያኛው ሹፌር መሆኑም ተጻፈ።

የዚያ መኪና ባለቤት የሀገራችን ሰው ነው፤ ከአንዳችን ጋርም በጋብቻ ይገናኛል። በሦስተኛው ቀን ሽማግሌ ላከ። አባቶች መጥተው ተቀመጡ፤ ቡና ተፈላ፤ ዱዓ ተደረገ። «ልጆቼ፣ ብረት ይጠገናል፣ ዝምድና ሲሰበር ግን ወጌሻ የለውም» አሉን አንደኛው አባት። ይቅርታውን ለመስጠት ልባችን ዝግጁ ነበር። ወረቀቱ ተጽፎ ሲቀርብ ከመካከላችን አንዱ ከመፈረማችን በፊት አንድ ሰው እንጠይቅ አለ። ለአጎታችን ልጅ ደወልን፤ በኢንሹራንስ ቤት የካሳ ክፍል ለዓመታት የሠራች ናት። ወረቀቱን በስልክ አነበብንላት። «አባቶችን ይቅርታ ጠይቁልኝ፤ ግን እንዲህ ተብሎ እንዳለ አትፈርሙ። የእናንተ ያልሆነውን ይቅር ልትሉ ነው» አለችን።

«የእናንተ ያልሆነውን» ያለችው ነገር የዚህ ጽሑፍ ፍሬ ነው።

▪ መዳረግ ምንድን ነው?

የእኛን ሒሳብ እንደ ምሳሌ እንውሰድ። የመኪናዋ ጥገና 360 ሺህ ብር ተገመተ። በፖሊሲያችን መሠረት 15 ሺህው ከራሳችን ኪስ የሚወጣ ነው፤ ኤክሰስ የሚሉት ማለት ነው። ቀሪውን 345 ሺህ ኢንሹራንሱ ይከፍላል። መኪናዋ ጋራዥ ቆማ ሥራ የፈታችበትን ከአንድ ወር በላይ ግን ፖሊሲያችን አይሸፍንም።

አሁን ጥያቄው እንዲህ ነው። ጉዳቱን ያደረሰው ሌላ ሰው ነው። ኢንሹራንሱ 345 ሺህውን ለእኛ ከከፈለ በኋላ እኛ ደግሞ ያንኑ ገንዘብ ከጥፋተኛው መቀበል እንችላለን? አንችልም። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ በአንቀጽ 678 የንብረት ኢንሹራንስ የካሳ ውል ነው ይላል፤ የጠፋውን ይተካል እንጂ ትርፍ አያመጣም። ታዲያ ጥፋተኛው ሌላው ሰው አረቦን ስለከፈለ ብቻ በነፃ ይሂድ? ይህም ፍትሕ አይሆንም። ስለዚህ አንቀጽ 683 መፍትሔ አበጀ፤ ካሳውን የከፈለ መድን ሰጪ በከፈለው ልክ በተጎጂው እግር ይተካና ጉዳት ያደረሰውን ሰው ይጠይቃል። ይህ መተካት ነው መዳረግ የሚባለው። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ብዙውን የድሮ ሕግ ሲተካ የኢንሹራንሱን ክፍል ስላልነካው እነዚህ አንቀጾች ዛሬም ይሠራሉ።

«በከፈለው ልክ» የሚለውን ልብ በሉ። 345 ሺህውን የመጠየቅ መብት ወደ ኢንሹራንሱ ይሄዳል። ከኪሳችን የወጣው 15 ሺህና መኪናዋ በቆመችባቸው ቀናት የቀረብን ገቢ ግን የእኛው ሐቅ ሆኖ ይቀራል። ብንፈልግ እንጠይቀዋለን፤ ብንፈልግ ለአላህ ብለን እንተወዋለን። ማንም አይከለክለንም።

የዚሁ አንቀጽ 683 ሁለተኛው ክፍል ደግሞ ማስጠንቀቂያ ነው። ባለ ኢንሹራንሱ በራሱ ድርጊት መዳረጉ እንዳይቻል ካደረገ መድን ሰጪው ከመክፈል በሙሉ ወይም በከፊል ነፃ ሊሆን ይችላል። «ምንም ዓይነት የካሳ ጥያቄ አናነሳም» ብለን ብንፈርም ኖሮ ኢንሹራንሱ በእኛ እግር ተተክቶ የሚጠይቀው ነገር አይኖርም ነበር፤ መብቱን እኛ ቀድመን ጥለነዋላ። ያን ጊዜ «ከጥፋተኛው እንዳልጠይቅ ካደረጋችሁኝ እኔም አልከፍልም» ቢለን ሕጉ ከእሱ ጋር ይቆማል። የአራት ቤት ሀብት በአንድ ፊርማ ይቀልጣል።

▪ «ኢንሹራንስ ሀብታም ነው፤ ምን ይሆናል?»

ይህን ብዙ ሰው ይላል፤ እኛም ቤት ተብሏል። መልሱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ ከላይ እንዳየነው መጀመሪያ የሚጎዳው ኢንሹራንሱ ሳይሆን የፈረመው ሰው ነው። ሁለተኛው፣ ኢንሹራንስ የሚከፍለው ከሰማይ ከወረደ ገንዘብ ሳይሆን ከሌላው ባለ መኪና አረቦን ነው። ነገሩ በተካፉል ይበልጥ ግልጽ ይሆናል። ብሔራዊ ባንክ እንደ ፈረንጆቹ በ2020 ባወጣው መመሪያ ተካፉል በሀገራችን ተፈቅዷል። በተካፉል አባላት የሚያዋጡት ገንዘብ ለመረዳጃ የተቀመጠ የጋራ ገንዳ ነው። ከጥፋተኛው ሊመለስ የሚገባውን 345 ሺህ እኛ ሳናማክር ብንጥለው የጣልነው ከማናውቃቸው ወንድምና እህቶች ገንዳ ነው። ሰው የራሱን ሐቅ ይቅር ሲል ደግ ነው ይባላል። የሌላውን ሐቅ ይቅር ሲል ግን ምን እንደሚባል አንባቢ ያውቀዋል።

ሌላም አለ። በግጭቱ ጥፋተኛ የሆነው ባለ መኪና እሱም ቢያንስ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ አለው፤ ያለዚያ መንገድ ላይ እንዲወጣ ሕግ አይፈቅድለትም። በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ይህን ኢንሹራንስ አስገዳጅ ሲያደርግ ለንብረት ጉዳት ያስቀመጠው ጣሪያ 100 ሺህ ብር ነበር። በሌላ አነጋገር ከሚጠየቀው ገንዘብ ከፊሉን የሚከፍለው ጎረቤታችን ሳይሆን የእሱ መድን ሰጪ ነው፤ አረቦኑን ተቀብሎበታል። ጭልጥ አድርገን ይቅር ብንል ኖሮ ለጎረቤታችን ያደረግን እየመሰለን ለእሱ ኢንሹራንስ ስጦታ መስጠታችን ነበር።

▪ ዕርቅ ክህደት የሚመስልበት ጊዜ

እኛን ከገንዘቡ በላይ ያስጨነቀን ይህ ነው። ወረቀቱን ፈርመን፣ ስለ ወረቀቱ ዝም ብለን ካሳውን ብንቀበልስ? በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 መሠረት ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠየቅበት ጊዜ ሁለት ዓመት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ ኢንሹራንሱ በእኛ ስም ተተክቶ ጎረቤታችንን መክሰስ ይችላል። ሰውየው ታርቆ፣ እጅ ተነስቶ፣ አብሮን በልቶ ካደረ ከወራት በኋላ መጥሪያ ሲደርሰው ምን ይላል? «በሽማግሌ ፊት ይቅር ብለው በጀርባ ከሰሱኝ» ይላል። ሽማግሌዎቹም ያፍራሉ። ከዚያም ያንን ወረቀት ለፍርድ ቤት ያቀርባል፤ ኢንሹራንሱ ደግሞ የከፈለውን መልሱ ብሎ ወደ እኛ ይዞራል። ለሰላም የተጻፈ ወረቀት ሦስት ጠብ ወለደ ማለት ነው።

ስለዚህ በግልጽ መናገር ሰላሙንም ይጠብቃል ብለን አባቶችን መልሰን ሰበሰብናቸው። የአጎታችን ልጅ በስልክ እንደነገረችን አድርገን አስረዳን። አንደኛው አባት አልተዋጠላቸውም፤ «ይህማ ዕርቅ ሳይሆን ሒሳብ ነው» አሉ። ሌላኛው ግን «የሰው ሐቅ ያለበት ዕርቅ ሒሳቡ ካልተለየ አይጸናም» ብለው ደገፉን። ከዚያ ወረቀቱ እንደገና ተጻፈ። በአጭሩ ይህን ይላል፦ በመካከላችን ቂም የለም፤ ከኪሳችን የወጣውን 15 ሺህ ብርና ሥራ የፈታንበትን ገቢ ይቅር ብለናል፤ ኢንሹራንሱ በሕግ ያለውን መብት ግን አልነካንም፤ ሁለታችንም ለየኢንሹራንሳችን የምናውቀውን በእውነት እንናገራለን።

ውጤቱን በአጭሩ እንንገራችሁ። ኢንሹራንሱ መኪናችንን አስጠገነ። ቀጥሎ ወደ ጎረቤታችን ኢንሹራንስ ሄዶ 100 ሺህውን አገኘ። የቀረው 245 ሺህ በጎረቤታችን ላይ ወደቀ፤ እሱ ሙሉ ኢንሹራንስም ከፍ ያለ የሦስተኛ ወገን ሽፋንም አልገዛም ነበር። ይህ ለእሱ ከባድ ነው፤ ከባድ አይደለም ብንል እንዋሻለን። ሽማግሌዎቹና እኛ አብረነው ደሴ ወርደን ቅርንጫፉን ለመንን። ክሱ ቀርቶ በየወሩ እንዲከፍል ተስማሙለት፤ ዋስ ሲጠየቅ ከአራታችን ሁለታችን ፈረምን። ይቅርታችንን በዚያ ገለጽነው። ዛሬም አንድ ገበያ እንውላለን።

▪ አስቀድሞ የሚፈረመው መተው

እስካሁን ያወራነው ከአደጋ በኋላ ስለሚደረግ ይቅርታ ነው። ሁለተኛው ዓይነት ከአደጋ በፊት በውል ውስጥ ይመጣል። ሰሞኑን መኪናችንን ለግንባታ ሥራ የሚከራይ ድርጅት አሥር ገጽ ውል ሰጠን። በአንደኛው ገጽ «የመኪናው ባለቤትም ሆነ መድን ሰጪው በሥራው ላይ ለሚደርስ ጉዳት በአሠሪው ላይ ምንም ዓይነት መልሶ የመጠየቅ መብት አይኖራቸውም» ይላል። ይህ የመዳረግ መብትን አስቀድሞ መተው ነው።

ትርጉሙን በሥራው ቦታ እናስበው። ድንጋይ የሚጭነው ሎደር የድርጅቱ ነው። ሎደሩ ቸኩሎ አንድ ትልቅ ድንጋይ ቢለቅና የመኪናችን ሻንሲ ቢሰበር፣ በተለመደው ሕግ ኢንሹራንሳችን ይከፍለንና ከድርጅቱ ያስመልሳል። በዚህ ውል ግን ማስመለስ አይችልም። ኢንሹራንሳችን ስለ ውሉ ሳያውቅ እኛ ፈርመን ከሆነ ደግሞ አንቀጽ 683 ሁለተኛው ክፍል እንደገና ይመጣብናል። ድርጅቱም ነፃ ሆነ፣ ኢንሹራንሱም ነፃ ሆነ፤ የተሰበረውን ሻንሲ ታቅፈን የምንቀር እኛ ነን።

እንዲህ ያለ አንቀጽ በራሱ ክፉ ነው አንልም። ብዙ ድርጅት አብሮ በሚሠራበት ቦታ ሁሉም እየተካሰሰ ሥራ እንዳይቆም፣ እያንዳንዱ የራሱን ንብረት በራሱ ኢንሹራንስ ይሸፍን የሚል ሐሳብ አለው። የሚጎዳው ሳይጠየቅበት ሲፈረም ነው። እኛ እንዲህ አደረግን፤ ያንን ገጽ ፎቶ አንስተን ለኢንሹራንሳችን ላክን፤ የጽሑፍ መልስ እንዲሰጠን ጠየቅን። «እንቀበላለን» ካለ መቀበሉን ከፖሊሲው ጋር በሚያያዝ ማሻሻያ፣ ኢንዶርስመንት በሚሉት፣ እንዲያሰፍርልን ነው። አረቦን ከጨመረብን ጭማሪውን በኪራዩ ዋጋ ላይ እንደምናስገባ ለድርጅቱ ነግረናል። «አንቀበልም» ካለ አንቀጹ ከውሉ ይወጣል፣ ወይም ሥራው ይቀራል።

▪ ባሕር ማዶ ላሉት ወንድሞቻችን

ከመካነ ሰላምና ከአካባቢው ወጥተው አሜሪካ የጭነት መኪና የሚነዱ ወንድሞች አሉን። እነሱ ይህን ቃል ከእኛ በላይ ይሰሙታል፤ «ዌቨር ኦፍ ሰብሮጌሽን አምጣ» ይባላሉ። እዚያ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ጭነት የሚያመላልስ ከባድ መኪና ለተራ ጭነት እንኳ ቢያንስ የ750 ሺህ ዶላር የኃላፊነት ሽፋን እንዲኖረው የፌዴራሉ ደንብ ያስገድዳል። ገንዘቡ ትልቅ ስለሆነ ጭነት ሰጪው ድርጅት የሹፌሩ ኢንሹራንስ ነገ ዞሮ እንዳይከሰው ቀድሞ ይከላከላል።

አንድ ነገር ግን ሰው ይሳሳትበታል። አኮርድ 25 የሚባል የኢንሹራንስ ማረጋገጫ ወረቀት አለ፤ በላዩ ላይ የመዳረግ መብት ተትቶ እንደሆነ ምልክት የሚደረግባት ጠባብ ሳጥን አለች። ሳጥኗ ላይ ምልክት ተደረገ ማለት መብቱ ተተወ ማለት አይደለም። ወረቀቱ ራሱ ለመረጃ ብቻ የተሰጠ መሆኑን፣ ለያዘው ሰው መብት እንደማይሰጥ ይናገራል። መተዉን እውነት የሚያደርገው ከፖሊሲው ጋር የሚያያዘው ማሻሻያ ነው፤ ለንግድ መኪና በሰፊው የሚሠራበት ቅጽ ቁጥሩ ሲኤ 04 44 ነው። ማሻሻያው የአንድ ድርጅት ስም ተጽፎበት ለእሱ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ወይም በውል ቃል ለገባችሁለት ሁሉ የሚሠራ ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ ሳትጠይቁ አትፈርሙ። ደግሞ ይህ ማሻሻያ የእናንተ ኢንሹራንስ ያንን ድርጅት እንዳይጠይቅ ያደርጋል እንጂ ድርጅቱን በእናንተ ፖሊሲ ውስጥ መድን የተገባለት አያደርገውም። ያ ሌላ ማሻሻያ ነው።

▪ በእጃችን የሚቀር ምክር

ለባለ መኪኖች፦ አደጋ ሲደርስ ሳትዘገዩ ለኢንሹራንሳችሁ አሳውቁ፤ የትራፊክ ፖሊሱን ሪፖርትና ፕላን ያዙ። ሁለት መኪና ሲጋጭ የአንደኛው ሹፌር ጥፋት ካልተረጋገጠ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2084 ሁለቱም እኩል እንዳደረሱት ይቆጠራል፤ ጉዳቱንም ለሁለት ይካፈሉታል። ስለዚህ ፕላኑ ለእናንተም ለኢንሹራንሱም መሠረት ነው። ከዚያ በፊት ምንም ወረቀት ላይ አትፈርሙ። ሦስተኛ ወገን ብቻ ያላችሁም የሌላ ሰው መኪና ብትመቱ ከጣሪያው በላይ ያለው በራሳችሁ ላይ እንደሚወድቅ አስቡ፤ ከፍ ያለ ሽፋን ለመግዛት የሚከፈለውን ጭማሪ ዛሬውኑ ጠይቁ።

ለአባቶቻችን ሽማግሌዎች፦ ከማስታረቃችሁ በፊት «መኪናው ሙሉ ኢንሹራንስ አለው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አለው ከተባለ በዕርቁ ወረቀት ላይ «የኢንሹራንሱ መብት እንደተጠበቀ ሆኖ» የምትለውን ሐረግ አስጽፉ። የገንዘቡን ይቅርታ ለተጎጂው ለራሱ በቀረው ሐቅ ላይ ብቻ አድርጉት። ጥፋተኛውንም ኢንሹራንሱ ሊጠይቀው እንደሚችል በዚያው ቀን፣ በሁሉም ፊት ንገሩት። ሲሰማ ይከፋው ይሆናል፤ ግን ከእናንተ አፍ ቢሰማው ከመጥሪያ ቢያነበው ይሻላል?

ጽሑፉን ለሹፌሮቻችሁ አንብቡላቸው፤ ማንበብ ለሚቸግራቸው አባቶችም አስረዷቸው። አላህ መንገዳችንን ሰላም ያድርግልን።

ወሰላሙ ዐለይኩም።